ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ሜርኩሪ፦ በዓመት አንዴ መለካት ለምን አይበቃም?



በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱ፣ ከሁለት አህጉር ቢመጡም፣ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዷ ጠያቂ ባልቲሞር የምትኖር የ5 ወር ነፍሰ ጡር እህታችን ናት። "ዶክተር፣ ሥራ ስሄድ በየቀኑ የማልፈው በአይ 95 መንገድ ዳር፣ ባልቲሞር ተብሎ በተጻፈበት ረጅም ጭስ ማውጫ አጠገብ ነው። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ነው አሉኝ። ጭሱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ የሚባለው እውነት ነው? ለጽንሱስ ያሰጋል?" ትላለች። ሁለተኛው ጠያቂ አዲስ አበባ ረጲ አካባቢ የሚኖሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። "ልጆቼን የሜርኩሪ ምርመራ ላስደርጋቸው ወይ?" ነው ጥያቄያቸው።

ባጭሩ ልመልስና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንሂድ። ቆሻሻ ወይም ድንጋይ ከሰል በሚቃጠልበት ቦታ ሁሉ ሜርኩሪ ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። በብዛት ይወጣል ወይስ በጥቂቱ የሚለው ግን እንደሚቃጠለው ነገርና እንደ ፊልተሩ ይለያያል። ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፦ ስንት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ታገሱኝ፣ ከስኳር በሽታ ጋር አያይዤ አስረዳችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የትኛው ሜርኩሪ ነው የሚጎዳው?

ሜርኩሪ አንድ ስም ቢኖረውም በሰውነት ውስጥ የሚሠራው እንደየመልኩ ይለያያል። በድሮው ቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ብርማ ፈሳሽ ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። "ልጄ ቴርሞሜትር ሰብሮ ዋጠብኝ" ብላችሁ ስትሮጡ እኛ ሐኪሞች ከሜርኩሪው ይልቅ ስለ መስታወቱ የምንጨነቀው ለዚህ ነው። ያው ፈሳሽ ተንኖ በአየር ሲተነፈስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ከተነፈሰው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ሦስተኛው መልክ ሜቲል ሜርኩሪ ይባላል። እናቶችን በተመለከተ ዋናው ጠላት እሱ ነው። ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከጭስ ማውጫ የወጣው ሜርኩሪ በዝናብና በአቧራ ወደ ሐይቅ፣ ወንዝና ባሕር ይወርዳል፤ በጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። ከዚያ ትንንሽ ነፍሳት ይበሉታል፣ ትንሽ ዓሣ እነሱን ይበላል፣ ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይበላል። በእያንዳንዱ ደረጃ ክምችቱ እየጨመረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሳህናችን ላይ ይደርሳል። በትልቅ አዳኝ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለው መጠን ከሚዋኝበት ውኃ ጋር ሲነጻጸር ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሴት ስትበላው በእትብቱ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ማለፍ ብቻ አይደለም፤ በእምብርት ደም ውስጥ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በእናትየው ደም ውስጥ ካለው ይበልጣል። በመሠራት ላይ ያለ አንጎል ደግሞ ከተሠራው አንጎል ይልቅ ተጎጂ ነው። ይህንን ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። በጃፓን ሚናማታ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በይፋ ሲታወቅ፣ ራሳቸው ምንም ወይም ጥቂት ምልክት ብቻ ያሳዩ እናቶች በጽኑ የተጎዱ ልጆች ወልደዋል። እዚያ መርዙ የመጣው ከጭስ ሳይሆን ፋብሪካ በቀጥታ ወደ ባሕር ከለቀቀው ፍሳሽ ነው፤ መጠኑም ዛሬ ከጭስ ማውጫ ከሚመጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ከዓሣ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ጽንስ ያለው መንገድ ያው ነው።

ስለዚህ የባልቲሞሯ እህቴ፣ በመኪና በጭስ ማውጫው አጠገብ ማለፍሽ በራሱ የሚያስጨንቅ አይደለም። ጭሱ በከፍታ ወጥቶ ይበተናል። የሚያሳስበው ዓመት ሙሉ የሚወርደው ጠቅላላ መጠን ነው።

ሜርኩሪ ለምን በእሳት አይጠፋም?

"ከተቃጠለ ጠፋ ማለት ነው" የሚል አስተሳሰብ አለ። ለፕላስቲክና ለጀርም ይሠራል፤ ለሜርኩሪ አይሠራም። ሜርኩሪ ንጥረ ነገር (ኤለመንት) ነው፤ የሚበታተን ነገር የለውም። 357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ ደግሞ ከ850 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ወደ ምድጃው የገባው ሜርኩሪ በሙሉ ማለት ይቻላል ተን ሆኖ ወደ ጭስ ማውጫው ጉዞ ይጀምራል። እርሳስና ካድሚየም አብዛኛው ክፍላቸው ከአመድና ከብናኝ ጋር ይቀራል፤ ሜርኩሪ ግን እንደ አየር አልፎ ይሄዳል።

በመንገዱ ላይ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ከክሎሪን ጋር ይዋሃዳል፣ ከፊሉ በብናኝ ላይ ይጣበቃል፣ ከፊሉ ንጹሕ የሜርኩሪ ተን ሆኖ ይቀራል። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ከክሎሪን የተዋሃደው በውኃ ስለሚሟሟ ጭሱን በሚያጥብ መሣሪያ ሊያዝ ይችላል፤ ካመለጠም በዝናብ ታጥቦ በአካባቢውና በአጎራባች አውራጃዎች ይወርዳል። ንጹሑ ተን ግን በውኃ አይያዝም፤ ካመለጠ በከባቢ አየር ውስጥ ለወራት እየዞረ አህጉር ያቋርጣል። የአንድ አገር ጭስ የሌላው አገር ዓሣ ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እሱን ለመያዝ የተለመደው ዘዴ የከሰል ዱቄት ወደ ጭሱ መርጨትና ዱቄቱን መልሶ በጨርቅ ፊልተር መያዝ ነው። አዎ፣ መርዝ ለጠጣ ሰው ድንገተኛ ክፍል የምንሰጠው አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው ያው ጥቁር ዱቄት፤ ለፋብሪካ የሚሆነው አንዳንዴ በብሮሚን ወይም በድኝ ይታሻል።

ዱቄቱ ግን ይጠግባል። ዋጋም ያስወጣል። ስንት መርጨት እንዳለብህ ለማወቅ ደግሞ ስንት ሜርኩሪ እየመጣ እንደሆነ ማወቅ አለብህ።

አሁን ወደ ስኳር በሽታው

የስኳር ታካሚ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህንን በደንብ ታውቁታላችሁ። ቀጠሮው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጣፋጭ የሚተው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ሰው አለ። ጠዋት ሳይበላ መጥቶ ሲለካ 110። "ዶክተር፣ ደህና ነኝ" ይላል። የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ስናዘው ግን አማካዩ ይወጣል፤ 9 ወይም 10 ይሆናል። ክንዱ ላይ የሚለጠፈውን ሴንሰር ብናደርግለት ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 320 እንደገባ፣ ከምሳ በኋላ ምን እንደሆነ ሁሉ እናያለን።

የጭስ ማውጫ ልኬትም ልክ እንደዚህ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ልኬት ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባለሙያዎች መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ይወጣሉ፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ናሙና ይወስዳሉ፣ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ልኬቱ ራሱ ጥሩና ትክክለኛ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹን አላማም። ግን ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። 6 ሰዓት ተለክቶ ቢሆን ቀሪውን 8,754 ሰዓት ያየ የለም። በዚያ ላይ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ማንንም በክፉ ሳልጠረጥር፣ ምድጃው በዚያ ቀን በጥሩ ሁኔታ እንዲሠራ የማያደርግ ሥራ አስኪያጅ ይኖራል ብዬ አላምንም። የኛም ታካሚ ያደርገዋል።

ሁለተኛው እንደ ሦስት ወር ስኳር ያለው ነው። በከሰል የተሞላች ትንሽ የመስታወት ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ትገባለች፤ ጥቂት ጭስ ሳይቋረጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይሳብባታል። ከዚያ ወጥታ በውስጧ የተከማቸው ሜርኩሪ ይለካል። ቱቦዋ በክፍል የተከፈለች ናት፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ብዙ ሜርኩሪ ከተገኘ የመጀመሪያው ጠግቦ አምልጦታል ማለት ነው፣ ውጤቱም ይጣላል። አማካዩን በጣም በጥሩ ሁኔታ ትሰጣለች። ማክሰኞ ሌሊት ምን እንደተከሰተ ግን አትነግርህም።

ሦስተኛው ያልተቋረጠ ልኬት ነው፤ ማለትም እንደ ክንዱ ሴንሰር። አሠራሩ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልዘርዝረው።

ከጭስ ማውጫው ውስጥ በመመርመሪያ ቱቦ ጥቂት ጭስ ያለማቋረጥ ይሳባል። ጭሱ ወደ መሣሪያው የሚሄድበት መስመር በሙሉ ከ180 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት መቆየት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እንኳን ከቀዘቀዘ ከክሎሪን ጋር የተዋሃደው ሜርኩሪ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ መሣሪያውም "ሜርኩሪ የለም" ይላል። (የላቦራቶሪ ሰዎች፣ ቱቦ ውስጥ የረጋ ደም ይዛችሁ ውጤት አትስጡ እንደምንለው ነው።) ቀጥሎ ጭሱ ወደ መቀየሪያ ይገባል። መሣሪያው በደንብ ማየት የሚችለው ንጹሑን የሜርኩሪ ተን ብቻ ስለሆነ፣ የተዋሃደው ሁሉ በከፍተኛ ሙቀት ወይም በኬሚካል ተለያይቶ ወደ ንጹሕ ተን ይመለሳል።

ከዚያ ብርሃን ይመጣል። የሜርኩሪ አተም 253.7 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። ብርሃኑ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ስንት እንደቀረ ይለካል፤ በጎደለው ልክ ሜርኩሪ አለ ማለት ነው። ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚሁ መርሕ ነው የሚሠራው። ችግሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ይህንኑ ብርሃን በጥቂቱ ይውጣል፤ ስለዚህ ወይ ሂሳቡ ይስተካከላል፣ ወይ ሜርኩሪው መጀመሪያ በወርቅ ላይ ተይዞ ሌላው ጋዝ ካለፈ በኋላ በሙቀት ይለቀቃል። ወርቅ ሜርኩሪን እንዴት እንደሚወድ የወርቅ አንጥረኞች ያውቃሉ። መሣሪያው በየጊዜው መጠኑ በሚታወቅ የሜርኩሪ ጋዝ ይፈተናል፤ ያልተፈተነ መሣሪያ የሚያወጣው ቁጥር ለጌጥ ነው።

ውጤቱ በየደቂቃው ስክሪን ላይ ይታያል። የሚለካው በአንድ ሜትር ኪዩብ ጭስ ውስጥ ጥቂት ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ውድ መሣሪያ ነው፣ ሠልጥኖ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ይህንን አልደብቅም።

አንድ የደም ግፊት መለኪያ ምን ያደርጋል?

"በዓመት አንዴ ተለክቶ ዝቅተኛ ከሆነ ሌላም ቀን ዝቅተኛ ነው" የሚል ክርክር አለ። ለአንዳንድ ፋብሪካ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቆሻሻ ማቃጠያ ግን በፍጹም! ድንጋይ ከሰል ከአንድ ማዕድን ሲመጣ የሜርኩሪ መጠኑ ብዙ አይለዋወጥም። ቆሻሻ ውስጥ ግን ዛሬ የሙዝ ልጣጭና ፌስታል፣ ነገ ደግሞ አንድ ሰው የጣለው የሜርኩሪ ዕቃ ሊኖር ይችላል።

ቀላል ሂሳብ እንሥራ። በሰዓት 100,000 ሜትር ኪዩብ ጭስ የሚያወጣ ማቃጠያ እናስብ። በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት የሠራው ገደብ በሜትር ኪዩብ 0.05 ሚሊግራም ነበር። ይህ ማለት በሰዓት 5 ግራም ሜርኩሪ ማለት ነው። አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የድሮ የደም ግፊት መለኪያ በውስጡ 100 ግራም ያህል ሜርኩሪ ይይዛል። አንዷ መለኪያ ብቻ፣ ያለ ፊልተር፣ የ20 ሰዓት ሙሉ ፈቃድ ትጨርሳለች። ያ 100 ግራም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከወጣ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው መጠን ከገደቡ 40 እጥፍ ይሆናል። ፊልተሩ 90 በመቶውን ቢይዝ እንኳን 4 እጥፍ ነው። ጉዳዩ በዚያ ግማሽ ሰዓትም አያልቅም፤ የሚያጥበው ውኃ በሜርኩሪ ይሞላና ለሰዓታት መልሶ ሊለቅ ይችላል።

ይህ የሆነው ሐሙስ ሌሊት ቢሆን፣ የዓመቱ ምርመራ ደግሞ በሚያዝያ ከሆነ፣ ማንም አያውቅም። መዝገቡ ላይ "ከገደብ በታች" ተብሎ ይቀመጣል። ያልተቋረጠ ልኬት ባለበት ግን ቁጥሩ ሲነሳ ኦፕሬተሩ በደቂቃዎች ውስጥ የከሰል ዱቄቱን ይጨምራል፣ የሚመጣውን ቆሻሻ ያቆማል፣ የትኛው መኪና እንዳመጣው ይጠይቃል። ይሄኛው ለእኔ ትልቁ ጥቅም ነው። ለቅጣት ከሚሆነው ማስረጃ ይልቅ ዕለቱን የሚወሰደው እርምጃ ይበልጥብኛል።

ማን ይለካል?

ጀርመን ቆሻሻ ማቃጠያዎቿ ሜርኩሪን ሳያቋርጡ እንዲለኩ ካስገደደች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ገደቡ የቀን አማካይ ብቻ ሳይሆን የግማሽ ሰዓት አማካይም አለው፤ ከላይ ያልኩት ዓይነት ድንገተኛ ጭማሪ የሚያዘው በግማሽ ሰዓቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውሳኔ ለቆሻሻ ማቃጠያ ያልተቋረጠ ልኬትን መደበኛ አደረገ፤ የሚያቃጥሉት ነገር ሁልጊዜ ዝቅተኛና ወጥ መሆኑን ላረጋገጡ ግን በየተወሰነ ጊዜ መለካት ይበቃቸዋል።

አሜሪካ ላይ ታሪኩ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጸናው ደንብ ድንጋይ ከሰል የሚያቃጥሉ የኃይል ማመንጫዎች ሜርኩሪያቸውን በመሣሪያ ወይም ቀደም ሲል በነገርኳችሁ ቱቦ ሳያቋርጡ እንዲለኩ ተደረገ። ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም እንዲሁ። የቆሻሻ ማቃጠያ ግን ለረጅም ዓመታት በዓመታዊ ምርመራ ቆየ። ማለትም ሜርኩሪው ይበልጥ የሚለዋወጠው ፋብሪካ ላይ ክትትሉ ይበልጥ ላላ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ለእኔም ትርጉም አይሰጠኝም።

የባልቲሞር ከተማ ምክር ቤት ይህንን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ባወጣው የንጹሕ አየር ሕግ፣ በከተማዋ ያሉ ማቃጠያዎች ሜርኩሪን ጨምሮ ወደ 20 የሚጠጉ ብክለቶችን ሳያቋርጡ እንዲለኩ አዘዘ። በከተማዋ ሁለት ማቃጠያዎች አሉ፦ አንዱ እህታችን የምታልፍበት የከተማ ቆሻሻ ማቃጠያ ነው፤ ሌላው የሕክምና ቆሻሻ የሚያቃጥል ነው። ባለቤቶቹ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ ምክንያቱ የሜሪላንድ ግዛት የሰጠውን ፈቃድ ይጋፋል የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ "መለካት አያስፈልግም" አላለም። ይህን የማዘዝ ሥልጣን የከተማው አይደለም ነው ያለው። ስለዚህ በባልቲሞርና በአካባቢው ያላችሁ፣ ጥያቄያችሁን ልታቀርቡ የሚገባው ለከተማው ሳይሆን ለግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። የማቃጠያ ፈቃድ ሲታደስ ለሕዝብ አስተያየት ይከፈታል፤ ማንም ነዋሪ መጻፍ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ከዚያው ጎን የተሠራው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው የታቀደው፣ የአውሮፓን የልቀት መስፈርት እንዲያሟላ ተደርጎ ነው የተሠራው ተብሏል። እኔ ማቃጠያ ይዘጋ ከሚሉት አይደለሁም። በክፍት ሜዳ የሚነድ ቆሻሻ ያለ ምንም ፊልተር ከሰው አፍንጫ ሥር ነው የሚጨሰው፤ ከዚያ ይልቅ በአግባቡ የሚሠራ ማቃጠያ እጅግ ይሻላል። "በአግባቡ" የሚለውን የሚያሳየን ግን ቁጥር ነው። የረጲው አባት ለሚመለከተው አካል ሊያቀርቡት የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሜርኩሪ በየስንት ጊዜው ይለካል? ውጤቱን ነዋሪው የት ሊያየው ይችላል?

ሲሚንቶም አለ። ድንጋይ ከሰሉም የኖራ ድንጋዩም ሜርኩሪ ይይዛሉ። ጥሬ ዕቃ የሚፈጨው ወፍጮ ሲሠራ ሜርኩሪው በዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ወደ ምድጃው ይመለሳል፤ ወፍጮው ለጥገና ሲቆም የተጠራቀመው በአንዴ በጭስ ማውጫው ይወጣል። መለካት የነበረበት በዚያ ሰዓት ነው፤ የቀጠሮ ቀን ልኬት ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር በሚሠራበት ሰዓት ነው የሚካሄደው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትልልቆቹ አይደሉም። በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ጓሮ ያለችው ከጡብ የተሠራች ትንሽ ኢንሲነሬተር ናት። ከሰል ዱቄት የላትም፣ የጨርቅ ፊልተር የላትም፣ ጭስ ማውጫዋ አጭር ነው። መርፌና ፋሻ ለማቃጠል ታስባ ነው የተሠራችው። የተሰበረ ቴርሞሜትር ከሴፍቲ ቦክስ ጋር አብሮ ከገባ ግን በውስጡ ያለው አንድ ግራም የሚጠጋ ሜርኩሪ በሙሉ ተን ሆኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ይወጣል፤ የሚተነፍሰውም እሳቱን የሚያነደው ሠራተኛ፣ በመስኮት በኩል ደግሞ የእናቶች ክፍል ነው። እዚህ ላይ የማያቋርጥ መለኪያ ግጠሙ ብል ቀልድ ነው። መፍትሔው ሜርኩሪውን ከእሳቱ ማራቅ ነው።

የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል (ስሙ ከዚያችው የጃፓን ከተማ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 2017 ነው) የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ማምረት፣ ማስገባትና ማስወጣት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲያበቃ ወስኗል። አዲሱ ቀረ ማለት ግን አሮጌው ከመደርደሪያ ጠፋ ማለት አይደለም። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተከታታዮቼ፣ እባካችሁ ነገ ሥራ ስትገቡ መጋዘናችሁን እዩ። የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም በክዳን በሚዘጋ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ "ሜርኩሪ፣ አይቃጠልም" ብላችሁ ጻፉ፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያው አስረክቡ።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ከተሰበረስ? ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ። በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በቫኪዩም ክሊነር በፍጹም አትሳቡ፤ ሁለቱም ይበትኑታል። በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ፣ ትንንሾቹን ጠብታዎች በፕላስተር አንሥታችሁ፣ በሚዘጋ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ሽንት ቤት ውስጥ አትድፉ።

አሁን ለሁለቱ ጠያቂዎቼ

የረጲው አባት፣ ልጆችዎ ምልክት ከሌላቸውና ቤት ውስጥ ሌላ የሜርኩሪ ምንጭ ከሌለ፣ በሰፈር ብቻ ተነሥተው ገንዘብዎን ለምርመራ እንዲያወጡ አልመክርም። ምርመራ የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለ ደግሞ ዓይነቱ ይለያያል፦ ለተን ሜርኩሪ ሽንት፣ ከዓሣ ለሚመጣው ደም ወይም ፀጉር ነው የሚታየው። የተሳሳተውን አስመርምረው "የለም" ቢባሉ ምንም አልነገረዎትም። "ሜርኩሪ የሚያጥብ" እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ሻይና ክኒን አይግዙ። ሜርኩሪን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ግን የሚሰጠው በሆስፒታል፣ መመረዙ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ነው፣ የራሱም ጉዳት አለው።

የባልቲሞሯ እህቴ፣ ዓሣ እንዳትተዪ። ይህንን የምለው ፈርተው ጭራሽ የሚተዉ እናቶች ስላሉ ነው። የዓሣ ስብ ለልጅሽ አንጎል ይጠቅማል። እዚያ ያሉት የጤና ባለሥልጣናት ለነፍሰ ጡር የሚመክሩት በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሜርኩሪው ዝቅተኛ የሆነ ዓሣ ነው፦ ሳልመን፣ ሰርዲን፣ ቲላፒያ፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው ላይት ቱና። ሻርክ፣ ሶርድፊሽ፣ ማርሊን፣ ኪንግ ማከረልና ቢግአይ ቱና ግን እስክትወልጂ፣ ስታጠቢም ጭምር፣ ይቅሩብሽ። ትልቅና ሌላ ዓሣ እየበላ የኖረ ዓሣ ሜርኩሪው ይበዛል። አገር ቤት ላላችሁም ያው ነው፤ በሐዋሳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች ትልልቁ ቢልጫ ከቆሮሶ ይልቅ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳይተዋል። በዚያ ዙሪያ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የለም፤ ሜርኩሪ ከመሬትም እንደሚመጣ አትርሱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቆሮሶውን ምረጡ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ልጨርስ። የምትቀቢው የፊት ማቅያ ክሬም ካለ ጀርባውን አንብቢ። ሜርኩሪ፣ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ የሚል ቃል ካየሽ፣ ወይም ጭራሽ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ከሆነ፣ ዛሬውኑ አቁሚውና ለቀጠሮሽ ይዘሽው ሂጂ። ለሐኪምሽ "ይህንን ለዚህን ያህል ጊዜ ተቀብቻለሁ" በያት፤ የሽንት ሜርኩሪ ምርመራ ልታዝልሽ ትችላለች። ከዚያ ጭስ ማውጫ ይልቅ በየቀኑ ቆዳሽ ላይ የሚታሸው ክሬም የበለጠ ሜርኩሪ ሊሰጥሽ ይችላል።